ለወንበር የተላኩ ሽማግሌዎች

ሲስተር ይዘንጋሽን መሐል ሜዳ የሚያውቃት በስልኳ ነው። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ ገበያ ትወጣለች፣ ሽንኩርት ትመርጣለች፣ ለሚያልፍ ለሚያገድመው በአገጯ ሰላምታ ትሰጣለች። በወዲያኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ትንፋሹ የተቆራረጠ ሰው ነው፤ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ቆላ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ አቀበቱን የጨረሰ፣ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የሚጠብቅ። ኅብረቱ ውስጥ በሠራችባቸው ዓመታት ለእንዲህ ያለው ሰው የምትመልሰው አንድ ቃል ነበር፤ «መጣላችሁ»። መኪናው መነሳቱን ሳታረጋግጥ ግን ይህችን ቃል ተናግራ አታውቅም።

ኅብረቱ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አምቡላንስ ኮሚቴዎችና የቃሬዛ ማኅበራት በአንድነት ያቋቋሙት ነው። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሁሉ የቃሬዛ ማኅበር አለው። አባሉ ተራው ሲደርስ በሽተኛውን እስከ መኪና መንገድ ይሸከማል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የአምቡላንሱ ድርሻ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ከገበያው ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። የፊተኛው ክፍል የጥሪ ስልኩ የሚቀመጥበት ሲሆን የኋለኛው የሥራ አስኪያጁ ነው።

የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ቦርዱ «ሰው እስኪገኝ» ብሎ ይዘንጋሽን በቦታው አስቀመጣት። ሰው ሳይገኝ ክረምት በክረምት ላይ ተደረበ። ለዚህ ሥራ ብላ ጤና ጣቢያ የነበራትን የአዋላጅ ነርስነት ቋሚ መደብ ለቃለች፤ መደቡም ወዲያው ተሞልቷል። በበሯ ላይ «ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ» ይላል። አባቷ ዘመሮ አጠገብ ከበግ ጠጉር ባና እየሠሩ ያሳደጓት ሰው ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። ባሏን ፈታለች፣ ልጅ የላትም። በአርባዎቹ ዕድሜዋ አጋማሽ ላይ የምትመኘው «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ከበሯ እንዲነሳላት ብቻ ነበር።

የቦርዱ ሊቀ መንበር አቶ አፈወርቅ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማ የለም፤ የረሱት ነገር መኖሩን የሚያውቅም የለም።

ከሁለት ክረምት በፊት የባለቤታቸው ወንድም ደብረ ብርሃን ሞቶ አስከሬኑን አምቡላንስ እንዲያመጣላቸው ጠይቀው ነበር። የኅብረቱ ደንብ አምቡላንስ አስከሬን አይጭንም ይላል፤ የዚያን ቀን ደግሞ በግሼ መንገድ ምጥ የጠናባት ሴት መኪና ትጠብቅ ነበር። ይዘንጋሽ እምቢ አለች። ሟቹ በጭነት መኪና፣ በሲሚንቶ ከረጢት መካከል ተጋድሞ አገሩ ገባ። ቀባሪው አመድ የመሰለውን ሳጥን እየጠረገ አወረደው። አቶ አፈወርቅ በተከታዩ ጠቅላላ ጉባኤ ተነሥተው፣ «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን። ለሊቀ መንበሩ እንኳ የማታዳላ!» አሉና አስጨበጨቡላት። ይዘንጋሽ ነገሩ በዚያ ጭብጨባ ያለቀ መሰላት።

ቦርዱ ቋሚ ሥራ አስኪያጅ ለመቅጠር ሲወስን ማስታወቂያውን ያረቀቀችው እሷ ናት፤ ሌላ የሚያረቅቅ አልነበረም። መሐል ሜዳ፣ ዘመሮና ዓለም ከተማ ሰሌዳ ላይ የለጠፈችውም እሷ ናት። የአምቡላንሱ ሾፌር ደመላሽ የሙጫውን ጣሳ ይዞላት ቆሞ ያላግጣል።

«ሲስተርዬ፣ ሰው የገዛ ቤቱን ጨረታ ሲለጥፍ ዛሬ አየሁ።»

«አርፈህ ያዝ፤ ሙጫው ይፈስሳል።»

«ትንሽ ዝቅ አድርጊው እንጂ፤ ፍየል ትብላው። ያኔ ከአንቺ በቀር የሚያመለክት አይኖርም።»

ሳቀች። ማስታወቂያውን ግን በሰው ዓይን ትክክል አድርጋ ለጠፈችው።

አመልካቾች መጡ። ከእነሱ አንዱ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ፍሬአብ ይባላል። ሁለተኛ ዲግሪ እንዳለው ከማመልከቻው አየች። የእሷ ዲፕሎማ ነው። በዚያው ሳምንት አቶ አፈወርቅ ወደ ቢሮዋ ጎራ ብለው ቆመው አነጋገሯት።

«ሲስተር፣ አመለከትሽ?»

«አዎ፣ ጋሽ አፈወርቅ። ከሁሉ ቀድሜ።»

«ደግ አድርገሻል። እንግዲህ ወረቀቱ ለማያውቅሽ ነው።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ መስኮቱን አዩ። «አገር የሚያውቀው ሰው በአባቶቻችን ጊዜ ስለ ራሱ አይናገርም ነበር። ሰው ነው የሚልክ።»

«ሽማግሌ ልላክ ማለትዎ ነው?»

«እኔ? እኔ ምን አልሁ? ሊቀ መንበር ሆኜ እንዲህ አድርጊ ልልሽ አልችልም። ስለ ድሮ ነው የማወራሽ። ቤቴ እንደሆን ለሽማግሌ ተዘግቶ አያውቅም።»

ይዘንጋሽ ይህን እንደ ግብዣ ቆጠረችው። አጎቷን ጋሽ አባይነህን ከዘመሮ አስመጣች። ጋሽ አባይነህ ደግሞ የንስሐ አባቷን መምሬ አትናቴዎስንና በግሼ በኩል የቃሬዛ ማኅበር አለቃ የሆኑትን አቶ አበጀን አስከተሉ። ሽማግሌ ሲላክ ላኪው አስቀድሞ ቃል ይሰጣል፤ እነሱ ይዘው የመጡትን ሁሉ ሊቀበል። ያለዚያ ማንም ሽማግሌ በሰው ደጅ ቆሞ ፊቱን አያስመታም።

«ከቃላችን አትወጪም?» አሉ ጋሽ አባይነህ።

«አልወጣም፣ ጋሼ።»

«መምሬ ሰምተዋል።»

«ይስሙ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄዱ። ነሐሴ ነበርና መንገድ ላይ በረዶ ወረደባቸው፤ አቶ አፈወርቅ ግቢ ሲደርሱ ባናቸው ውኃ ጠጥቶ ከብዷቸዋል። ባለቤትየው በረንዳው ላይ ወጥተው ተቀበሏቸው።

«ውይ፣ አባቶቼ! ግቡ እንጂ፣ ግቡና ተቀመጡ!»

«አንቀመጥም፣» አሉ ጋሽ አባይነህ። «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

«ኧረ ዝናቡ ይገርፋችኋል!»

«ዝናቡ የእግዜር ነው።»

ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ ባለቤትም አላስቆምም ብሎ ይጣደፋል። አቶ አፈወርቅ ግን አልተጣደፉም። የእያንዳንዳቸውን ቤት ጠየቁ። የጋሽ አባይነህ ገብስ እንዴት እንደያዘ፣ የአቶ አበጀ በጎች ከበሽታው ተርፈው እንደሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ተመትቶ እንደሆነ በዝግታ ጠየቁ። ከመምሬ ጥምጥም ውኃው በአንገታቸው ይወርዳል። አቶ አበጀ ዱላቸውን ተደገፉ። በተከፈተው በር ምድጃው ውስጥ ሲነድ ይታያል።

ሦስቱም ሊወድቁ ሲደርሱ አቶ አፈወርቅ እጃቸውን አነሡ።

«አትድከሙ፤ ገብቶኛል። ስለ ሲስተር ይዘንጋሽ ነው።»

«ነው!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

«አዲስ ሰው መጥቶ እንዳይገፋት፣ ከለፋችበት ቤት እንዳትለይ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የመጡት እንዲህ ሊሉ አልነበረም። ነገር ግን የሚለመነው ሰው የለማኙን ጉዳይ አንሥቶ ራሱ ሲናገርለት ከዚያ የበለጠ አክብሮት የለም፤ በአፉ ላይ ማረም ደግሞ ነውር ነው። ጋሽ አባይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሱም… እሱም አለበት።»

«ሰጠሁ!» አሉ አቶ አፈወርቅ። «እኔ በሕይወት እያለሁ ሲስተር ይዘንጋሽ ከኅብረቱ አትለይም። ስለ እናንተ ሽበት ስል ሰጠሁ። በሉ ግቡ፣ እሳት ሙቁ።»

አቶ አበጀ ቀድመው ገቡ። መምሬ አትናቴዎስ ደጃፉን ሳያልፉ መረቁ፤ ጋሽ አባይነህ ቀሪውን ሊናገሩ ያሰቡት በአሜን መካከል ቀረ። ምርቃት ከወጣ ነገር አይከፈትም። ከዚያ በኋላ አረቄ ቀረበ።

ይዘንጋሽ ቤት ሲደርሱ ሞቋቸው ነበር።

«ተሰጠን!» አሉ ጋሽ አባይነህ ከበር። «ወንድ ማለት እሱ ነው። አፋችንን ሳንከፍት!»

«ምን አሉ፣ ጋሼ?»

«በሕይወት እያለሁ አትለይም አሉ።»

«ሥራ አስኪያጅነቱንስ?»

ጋሽ አባይነህ ወደ መምሬ ዞሩ። መምሬ ጥምጥማቸውን እየፈቱ ነበር።

«የማይለይ ሰው የት ሊቀመጥ ነው? እዚያው የነበረበት ነዋ፣» አሉ መምሬ።

«እንደዚያ ብለዋል?»

«ልጄ፣ ሰው ሳይለመን ሲሰጥ ‹ምን ማለትህ ነው› ተብሎ ይጠየቃል? በል ባናህን አውልቅ፣ አበጀ፤ ታርሰናል።»

ይዘንጋሽ ባናውን ተቀብላ ምድጃው አጠገብ ሰቀለችው። ሌላ አልጠየቀችም። ቃለ መጠይቁ ገና ነበርና በእሱ ተስፋ አደረገች።

የቃለ መጠይቁ ቀን አመልካቾቹን ከመናኸሪያ የተቀበለችው፣ ወንበር የደረደረችው፣ ውኃ ያቀረበችው እሷ ናት። ፍሬአብ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ መስላው፣ «እህቴ፣ ጥያቄው ከባድ ነው ይባላል?» አላት። «አይዞህ፤ የምታውቀውን መልስ፣» አለችው። የመጨረሻዋ ተጠያቂ እሷ ነበረች። ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

አቶ አፈወርቅ ሌላ ጊዜ አንቺ ነው የሚሏት፤ ያን ቀን ግን አንቱ አሏት።

«ሲስተር ይዘንጋሽ፣ እርስዎን ደግሞ ምን አደከመዎ? የእርስዎ ጉዳይ በሽማግሌ አልቆ የለም?»

ከመርሐቤቴ የመጡት የቦርድ አባል አቶ በኃይሉ ቀና አሉ። «የምን ሽማግሌ?»

አቶ አፈወርቅ አንድም ሳይጨምሩ ነገሯቸው። ሽማግሌዎቹ በዚያ በረዶ ቆመው እንደለመኑ፣ እሳቸውም ከኅብረቱ እንዳትለይ ቃል እንደሰጡ፣ መምሬም እንደመረቁ። ከዚያ፣ «ሽማግሌ የጨረሰውን ቦርድ ይከፍተዋል? ለውድድር ባቀርባትና ብትወድቅ ለእነዚያ አባቶች ምን እላለሁ?» አሉ።

አቶ በኃይሉ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እኔ ድምፄን ለእሷ ይዤ ነበር የመጣሁት። ኮሚቴያችንም እንዲሁ ብሎ ነው የላከኝ። ሽማግሌ ከገባበት ግን እጄን አላስገባም።»

የግሼው አባል ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ለመሆኑ ሴት ወደ ወንድ ሽማግሌ ስትልክ የት አገር ነው? አቶ አፈወርቅ፣ እሺ አሏት እንዴ? ባለቤትዎስ ሰሙ?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ይዘንጋሽ ሳቁ እስኪያበቃ ቆመች።

«ሽማግሌ የላክሁት ለሥራ አስኪያጅነቱ ነው፣» አለች።

«ይህን አጎትዎ አልነገሩኝም፣» አሉ አቶ አፈወርቅ። ፊታቸው አዘነ። «ዋሽቻለሁ ብለው እንዳያስቡ፣ ከፈለጉ ይጠሩ። ጋሽ አባይነህን እዚህ አቁመን፣ ‹የተላኩበትን ለምን ሳይናገሩ አረቄ ጠጥተው ተመለሱ› ብለን በጉባኤ እንጠይቃቸው። ይጠሩ?»

 ይዘንጋሽ አጎቷ በጉባኤ ፊት ቆመው ስለ አረቄው ሲጠየቁ ታያት።

«አይጠሩ፣» አለች።

ፍሬአብ ተቀጠረ። ከበሩ ላይ «ተጠባባቂ» የሚለው ተነሣ። ይዘንጋሽ ወደ ፊተኛው ክፍል ተዛወረችና የጥሪ ክፍል ኃላፊ ተባለች፤ በቋሚነት። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቀባበል ሲደረግለት የመረቁት መምሬ አትናቴዎስ ናቸው፤ ጋሽ አባይነህ በክብር ቦታ ተቀምጠው ነበር። ቁልፉን ያስረከበችው እሷ ናት። ሾፌሮቹ ለጥቂት ጊዜ፣ «ሲስተር፣ ሰርጉ መቼ ነው?» ይሏት ነበር። አንድ ቀን ደመላሽ ራሱ፣ «በቃችሁ፤ አላገባ ብለዋታል እኮ፣» አላቸውና ዝም አሰኛቸው። ሊያግዛት አስቦ ነው።

ፍሬአብ ክፉ ሰው አልነበረም። የማያውቀውን ይጠይቃታል፣ ስትነግረው ያመሰግናታል። ሽማግሌ መላኳን ቆይቶ ሰምቶ አፍሮ ነበር፤ ግን ያፈረው ለእሷ ይሁን ለራሱ አልተናገረም።

ከመስቀል በኋላ የአቶ አፈወርቅ ባለቤት የወንድማቸውን የዘገየ ተዝካር አወጡ። ፍሬአብ ወደ ፊተኛው ክፍል መጣ።

«ሲስተር፣ መኪናውን ለሊቀ መንበሩ ላኪላቸው። ሽማግሌዎችን ተዝካር ቤት አድርሶ ይመለሳል።»

«ሌላው መኪና ጋራዥ ነው። ያለን ይኸው አንዱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ደንቡ—»

«ደንቡን አነበብሁት። አስከሬን አይጭንም ነው የሚለው። እነዚህ በሕይወት አሉ።» ብቻውን ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባክሽ፣ ገና በመጀመሪያው ወር ከሰውየው ጋር አታጣይኝ።»

ደመላሽ መኪናውን በጽሕፈት ቤቱ በር አቆመ። አቶ አፈወርቅ ከፊት ተቀምጠዋል። ከኋላ፣ የበሽተኛው አልጋ ላይ፣ ጋሽ አባይነህ፣ መምሬ አትናቴዎስና አቶ አበጀ ነጭ ለብሰው ተደርድረዋል። ጋሽ አባይነህ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ።

«አየሽ፣ ልጄ? በር ድረስ መኪና! እንዲህ ያለውን ሰው ነው የሰጠንሽ!»

መኪናው በዘመሮ መንገድ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። ቃሬዛ ተሸካሚ ነበር።

«ሲስተር፣ መንገድ ዳር ደርሰናል። ምጥ የያዛት ናት፤ ልጁ ሆዷ ውስጥ ተጋድሟል ብላለች የጤና ኬላዋ ልጅ። ደም አለ። መጣልን?»

«ስልኩን አትዝጋው፣» አለችና በሌላው ስልክ ደመላሽን ጠራች። ያነሡት አቶ አፈወርቅ ናቸው።

«ደመላሽ ይነዳል፣ ሲስተር። ምን ነበር?»

ነገረቻቸው።  ከኋላ የመምሬ ሳል ይሰማል።

«እኛ ግማሽ መንገድ ላይ ነን። ይህ ሜዳ ነው፤ ቤት የለበትም፣ ነፋሱን ታውቂዋለሽ። አድርሰናቸው እንመለስ፣ ወይስ አጎትሽን እዚህ ላውርዳቸው? አንቺ ያልሽው ይሆናል። እኔ በአምቡላንስ ጉዳይ ጣልቃ ገብቼ አላውቅም።»

«ያውርዷቸው፣» አለች ይዘንጋሽ።

«ሰማችሁ፣ አባቶቼ?» ሲሉ ሰማቻቸው። «ሲስተር ይዘንጋሽ ውረዱ ብላለች።»

ወደ መጀመሪያው ስልክ ተመለሰች። «መጣላችሁ፣» አለች።

መኪናው ሴትዮዋን ሆስፒታል አደረሳት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ ሞቶ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ሜዳው ላይ ቆመው በመጨረሻ የገብስ ጭነት ያነሣ አይሱዙ አሳፈራቸው። ተዝካር ቤት የደረሱት ጸሎቱም ምግቡም ካበቃ በኋላ ነው። አቶ አፈወርቅ ከእነሱ ጋር ወርደው፣ ከእነሱ ጋር በነፋሱ ቆመው፣ የገዛ ካፖርታቸውን ለጋሽ አባይነህ ደርበውላቸው ነበር። ይህን አገሩ ሁሉ ሰማ።

በማግሥቱ ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደገና ወደ አቶ አፈወርቅ ቤት ሄዱ። አሁንም አንቀመጥም አሉ።

«ለልጅቱ የተቀበልነውን ቃል ልንመልስ ነው የመጣን፣» አሉ ጋሽ አባይነህ። ድምፃቸው በጉንፋን ተዘግቷል። «ከቃላችሁ አልወጣም ያለችን ሰው ሜዳ ላይ አራገፈችን። ለሞተ ልጅ!»

«ጋሽ አባይነህ፣ ተዉ፤ ሥራዋ ነው፣» አሉ አቶ አፈወርቅ። «እኔ እኮ በሕይወት እያለሁ አትለይም ብያለሁ።»

«ለእኛ ነው ያሉን። እኛ መልሰናል።»

«ቃሌን ልታሳጥፉኝ ነው?»

«ቃልዎ ንጹሕ ነው። ፈትተንዎታል።»

አቶ አፈወርቅ ደጋግመው ለመኗቸው ይባላል። ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። ይህ ሁሉ ለቦርዱ በዝርዝር ተነገረ፤ አቶ በኃይሉም ሽማግሌ የሰጠውን ሽማግሌ ከወሰደው እጄን አላስገባም አሉ። የስንብት ወረቀቱን የጻፈው ፍሬአብ ነው። ሲሰጣት ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቃት።

ይዘንጋሽ አሁን ከገበያው ጫፍ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች። ጋሽ አባይነህ መሐል ሜዳ ሲመጡ በወዲያኛው መንገድ ያልፋሉ። ለጥሪ ክፍሉ አዲስ ሰው ተቀጥሯል፤ አዲስ ቁጥርም ወጥቷል። በየቆላው ያሉ ቃሬዛ ተሸካሚዎች ግን አሮጌውን፣ የእሷን ነው የሚያውቁት፤ ስለዚህ ስልኳ ዛሬም ይጮኻል።

«ሲስተር፣ መንገድ ዳር ደርሰናል።»

አዲሱን ቁጥር ትነግረዋለች። ሰውየው የሚጽፍበት የለውም፤ እጁም በቃሬዛው እንጨት ተይዟል። በቃሉ እንዲይዘው ደግማ ትነግረዋለች።

«አንቺስ አትልኪልንም?»

«አልልክም።»

«ታዲያ መኪናው ይመጣል?»

«አላውቅም፣» ትላለች።

 ከኋላው ሰዎች ሲያቃስቱ፣ እንጨቱ ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲዛወር ይሰማታል።

«እናውርደው እንዴ ታዲያ?»

«አታውርዱት፣» ትለውና ደንበኛ መጥቶ እንደሆነ ቀና ብላ ታያለች።